የዕድሜና የአያያዝ ድርሻ፦ በግል ምድር ቤት የቆየ ወይን ጠጅ እንዴት ይቀመሳል?

መግቢያ

ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር እየተሻለ ይሄዳል የሚል አስተሳሰብ በሰፊው ይሰማል። ይሁን እንጂ በዓለም ገበያ ላይ የሚቀርበው ወይን አብዛኛው የሚዘጋጀው በተመረተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ ነው። እንዲህ ያለው ወይን ሃያ ዓመት ቢቀመጥ የፍሬውን መዓዛ ያጣል እንጂ አዲስ ጣዕም አያተርፍም። በቆይታ የሚሻሻለው ጥቂቱ ነው። ጥቂቱም ቢሆን የመብሰያ ጊዜው አስቀድሞ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ጠርሙሱ ሳይከፈት ይዘቱን መመዘን አይቻልም፣ ከተከፈተ በኋላም ለቀጣይ ዓመታት ሊቀመጥ አይችልም። በምድር ቤቱ ወይን የሚያቆይ ሰው ይህን ውሳኔ በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ መወሰን ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ በጠርሙስ ውስጥ የሚካሄደውን ለውጥ፣ የማከማቻውን ድርሻና የቅምሻውን ሥርዓት ያብራራል። ዋና ነጥቡም በመለያው ላይ የሰፈረው ዓመት ብቻውን የጥራት ማስረጃ እንደማይሆን ማሳየት ነው።

በጠርሙስ ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ

ለረጅም ቆይታ የሚመቹ ወይኖች ቢያንስ ከሦስት ነገሮች በአንዱ የበለጸጉ ናቸው፤ እነርሱም ታኒን፣ አሲድና ስኳር ናቸው። ከቦርዶ የሚገኘው የካበርኔ ሶቪኞን ቀይ ወይንና ከጣሊያን ፒየሞንቴ የሚመጣው ባሮሎ በታኒናቸው፣ የጀርመን ሪስሊንግ በአሲዱ፣ የሶተርን ጣፋጭ ነጭ ወይን ደግሞ በስኳሩና በአሲዱ ሚዛን ይታወቃሉ።

ታኒን ከወይኑ ፍሬ ልጣጭና ዘር፣ በከፊልም ከበርሜሉ እንጨት የሚወጣ ውሑድ ነው። ገና ባልቆየ ቀይ ወይን ውስጥ ምላስንና ድድን የሚያደርቀው እርሱ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ታኒኖች እርስ በርሳቸውና አንቶሲያኒን ከሚባሉት ቀለም ሰጪ ውሑዶች ጋር እየተጣመሩ ትላልቅ ሞለኪውሎች ይሠራሉ። ከእነዚህ ከፊሎቹ ከፈሳሹ ተለይተው በጠርሙሱ ግርጌ ዝቃጭ ሆነው ይቀመጣሉ። በዚህም ምክንያት የወይኑ ጣዕም ይለሰልሳል፤ ሐምራዊ የነበረው ቀለሙም ወደ ጡብ ቀለም ይጠጋል። ነጭ ወይን በአንጻሩ እየቆየ ሲሄድ ይጠቁራል፤ ከፈዛዛ ቢጫ ተነሥቶ ወደ ወርቅማ፣ በመጨረሻም ወደ ቡናማ ያደላል።

መዓዛውም በዚያው ልክ ይለወጣል። ትኩስ የፍሬ ሽታ የሚሰጡት የአሴቴት ኤስተሮች ቀስ በቀስ እየተበተኑ ይቀንሳሉ። በቦታቸው የቆዳ፣ የትምባሆ፣ የደረቀ ፍራፍሬ፣ የእንጉዳይና የእርጥብ ቅጠል ሽታ የሚያስታውሱ መዓዛዎች ይተካሉ። በቆየ ሪስሊንግ ውስጥ የሚሸተው የነዳጅ መሰል መዓዛ ለጀማሪ ቀማሽ የብልሽት ምልክት ሊመስለው ይችላል፤ ነገር ግን ቲዲኤን በሚል ምሕጻረ ቃል ከሚታወቅ ውሑድ የሚመጣ የታወቀ የመብሰል ምልክት ነው።

የማከማቻው ድርሻ

እነዚህ ለውጦች ኬሚካላዊ አጸግብሮቶች ስለሆኑ ፍጥነታቸው በሙቀት ይወሰናል። በጥቅሉ ሲታይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር የብዙ አጸግብሮቶች ፍጥነት በእጥፍ ገደማ ያድጋል። የሁሉም ፍጥነት ግን በእኩል መጠን አይጨምርም። ስለዚህ በሞቃት ክፍል አምስት ዓመት የተቀመጠ ወይን በቀዝቃዛ ምድር ቤት ዐሥር ዓመት ከቆየው ጋር አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ከመብሰሉ በፊት የተቀቀለ ፍሬ ጣዕም ይይዛል። ለረጅም ጊዜ ማከማቻ የሚመከረው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ፣ ከወቅት ወቅት ብዙም የማይለዋወጥ ሙቀት ነው። የሙቀት መዋዠቅ ፈሳሹን እያሰፋና እያኮማተረ በቡሹ ላይ ጫና ስለሚያሳድር አየር እንዲገባ መንገድ ይከፍታል። ጨለማም አስፈላጊ ነው፤ ብርሃን በተለይ ነጭ ወይንን በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያበላሻል።

ሳይከፈት ከሚታዩት ምልክቶች ዋነኛው በጠርሙሱ አንገት ላይ ያለው የፈሳሹ ከፍታ ነው። የጥቂት ዓመታት ዕድሜ ያለው ወይን ከአንገቱ ወርዶ ትከሻው ላይ ከደረሰ ቡሹ አላግባብ አየር ማስገባቱን ይጠቁማል። አርባ ዓመት ለሞላው ጠርሙስ ግን ተመሳሳዩ ከፍታ የተለመደ ሊሆን ይችላል።

የቅምሻው ሥርዓት

የቆየ ቀይ ወይን ከመከፈቱ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በፊት ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ዝቃጩ ወደ ግርጌ እንዲወርድ ነው። ያረጀ ቡሽ በቀላሉ ስለሚፈረፈር በዝግታ ይሳባል። ቀጥሎም ወይኑ ከጠርሙሱ አንገት ኋላ ብርሃን ተደርጎ ወደ ሌላ የመስታወት ዕቃ ይገለበጣል፤ ዝቃጩ ከአንገቱ ሲደርስ ማፍሰሱ ይቆማል። ገና ያልበሰለ ጠንካራ ወይን ከአየር ጋር ለሰዓታት ቢቆይ ሊጠቀም ይችላል። በጣም ያረጀ ወይን ግን መዓዛውን በደቂቃዎች ውስጥ ሊያጣ ስለሚችል ወዲያው መቀመስ ይኖርበታል።

በቅምሻው ጊዜ የሚነሡት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። ፍሬው አሁንም ይሰማል? ታኒኑ ለስልሷል? አሲዱ ከቀሪው ጋር ተመጣጥኗል? ታኒኑ ለስልሶ ፍሬው ካልጠፋ ወይኑ በመልካም ዕድሜው ላይ ነው። ፍሬው ጠፍቶ አሲዱ ብቻውን ጎልቶ ከወጣ ጊዜው አልፏል። ከዚህ የተለዩ የብልሽት ምልክቶችም አሉ። የተመታ ፖም ሽታ ከልክ ያለፈ የኦክስጅን ንክኪን፣ የአቼቶ ሽታ የባክቴሪያን ሥራ ያመለክታሉ። የሻገተ ካርቶን ሽታ ደግሞ ከቡሽ የሚመጣው የቲሲኤ ብክለት ምልክት ነው፤ ይህ ውሑድ በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ናኖግራም ብቻ ቢገኝ እንኳ ይሸታል። ቲሲኤ ከዕድሜ ጋር የተያያዘ ስላልሆነ በእርሱ የተበከለ ጠርሙስ ስለ ቀሪዎቹ ምንም አይናገርም።

ግምት የቀማሹን ፍርድ እንደሚያዛባም መዘንጋት የለበትም። በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሞ በወጣ ጥናት በቦርዶ 54 የወይን ሳይንስ ተማሪዎች ሽታ በሌለው ቀለም የቀላ ነጭ ወይን ቀርቦላቸው መዓዛውን በቀይ ወይን ቃላት ገልጸውታል። ቀለም ይህን ያህል የሚያሳስት ከሆነ በመለያ ላይ የሰፈረ የድሮ ዓመት ምን ያህል ሊያሳስት እንደሚችል መገመት አይከብድም። ስለዚህ ጠርሙሱን ሸፍኖ መቅመስ ይመረጣል።

የፓሪሱ ቅምሻና የሠላሳ ዓመት ቆይታ

በግንቦት 1976 እ.ኤ.አ. ስቲቨን ስፐሪየር በፓሪስ ባዘጋጀው የሽፍን ቅምሻ ላይ ፈረንሳውያን ዳኞች የካሊፎርኒያና የቦርዶ ቀይ ወይኖችን አወዳድረው አንደኝነቱን ለካሊፎርኒያው ስታግስ ሊፕ 1973 ሰጡ። የቦርዶ ደጋፊዎች ያቀረቡት መከራከሪያ የፈረንሳይ ወይኖች ገና አልበሰሉም፣ ብልጫቸው በዕድሜ ይታያል የሚል ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ እነዚያው ወይኖች በለንደንና በናፓ እንደገና ተቀመሱ። አንደኛ የወጣው በመጀመሪያው ውድድር አምስተኛ የነበረው የካሊፎርኒያው ሪጅ ሞንቴ ቤሎ 1971 ሲሆን የመጀመሪያዎቹን አምስት ደረጃዎች በሙሉ የካሊፎርኒያ ወይኖች ያዙ። አንድ ቅምሻ የሁለት አገሮችን ወይን ብልጫ ባይወስንም ሁለት ነገሮችን ያሳያል፤ የቆይታ አቅም ከስም ተነሥቶ አይገመትም፣ የወይኖች ደረጃም ከጊዜ ጋር ይለዋወጣል።

ማጠቃለያ

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ መደምደሚያ፣ የግል ምድር ቤት ጥቅም የተለያዩ ብርቅ ጠርሙሶችን በመሰብሰብ ብቻ የማይወሰን መሆኑ ነው። የአንድ ዓመት ምርት የሆኑ ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ተመሳሳይ ጠርሙሶችን ገዝቶ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ አንዱን መክፈት፣ ቀለሙን፣ መዓዛውንና ጣዕሙን ከማከማቻው ሙቀት ጋር መመዝገብ ለቀጣዩ ጠርሙስ ውሳኔ አስተማማኝ መሠረት ይሆናል። በጠርሙስና በጠርሙስ መካከል ልዩነት ስለሚኖር ምዝገባው ጥርጣሬን ፈጽሞ አያጠፋም፤ ይቀንሰዋል እንጂ። ጥርጣሬ በቀረ ጊዜም ቀድሞ መክፈት ይሻላል። ቀድሞ የተከፈተ ጠርሙስ በመደርደሪያው ላይ ስለቀሩት ወንድሞቹ ይመሰክራል፤ ዘግይቶ የተከፈተ ግን የሚያረጋግጠው ጊዜው ማለፉን ብቻ ነው።