«የጅብ ጥላ» ስንቱን በአንድ ስም ይጠራል?
ስንጥብ ያላቸውን እንጉዳዮች ለይቶ ስለማወቅ



ክረምት በገባ ቁጥር በሐረር ዙሪያ ባሉ የአትክልት ቦታዎች፣ በጀጎል ግንብ ሥር ባለው እርጥብ ሣር፣ በፍግ ክምርና በበሰበሰ ግንድ ላይ እንጉዳይ ብቅ ይላል። ልጆች ከመድረሳ ሲመለሱ ይለቅሙታል፤ አንዳንዴም ቤት ድረስ ይዘውት ይመጣሉ። በአማርኛ «የጅብ ጥላ» እንለዋለን። ጅብ በየሌሊቱ በሚመላለስባት በሐረር ይህ ስም ለልጆች ጆሮ ደስ ይላል። ችግሩ ግን የሚበላውም፣ ሆድ የሚያውከውም፣ ጉበት አጥፍቶ የሚገድለውም በዚሁ አንድ ስም መጠራታቸው ነው።

እንጉዳይ ምንድን ነው?

እንጉዳይ ተክል አይደለም። ዋናው አካሉ በአፈርና በእንጨት ውስጥ የተዘረጋ፣ እንደ ክር የቀጠነ መረብ ነው፤ ከላይ የምናየው ፍሬው ብቻ ነው። የብዙዎቹን ቆብ ገልብጠን ብናይ እንደ መጽሐፍ ቅጠሎች የተደረደሩ ስስ ክፍሎች እናገኛለን። የዓሣ ስንጥብ ስለሚመስሉ እዚህ ስንጥብ እንላቸዋለን። ስፖር የሚባለው ዘር፣ እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ ሆኖ የሚወጣው ከነዚህ ነው።

ሊቃውንት እንዴት መደቧቸው?

ስዊድናዊው ኤልያስ ፍሪስ በ1821 እ.ኤ.አ. ማሳተም በጀመረው ሥራው ባለ ስንጥቦቹን በብናኛቸው ቀለም ከፋፈላቸው፦ ነጭ፣ ሮዝ፣ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ የቀላቀለ ቡናማና ጥቁር። ከ1990ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ግን ስንጥብ ያላቸው ሁሉ የአንድ ቤተሰብ ልጆች እንዳልሆኑ አረጋገጠ። ሲያረጁ እንደ ቀለም የሚቀልጡትና ኮፕሪነስ ይባሉ የነበሩት በ2001 እ.ኤ.አ. በልዩ ልዩ ወገን ተከፋፍለዋል። ያም ሆኖ የብናኝ ቀለም ዛሬም የመጀመሪያው መለያ ነው።

በቤት የሚሠራ ሙከራ

የእንጉዳዩን እግር ቆርጠን፣ ቆቡን ስንጥቡ ወደ ታች ሆኖ ግማሹ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር በሆነ ወረቀት ላይ እናስቀምጥ። ብርጭቆ ደፍተንበት ይደር። ጠዋት ብናኙ የስንጥቡን ቅርጽ ጠብቆ ወረቀቱ ላይ ይገኛል። ከሙከራው በኋላ እጅ መታጠብ አይዘንጋ።

በቆርቆሮ ታሽጎ የሚሸጠው የአጋሪከስ ወገን ብናኙ ጥቁር ቡናማ ነው። ምስጦች በጎጇቸው የሚያለሙትና ከኩይሳ ላይ የሚበቅለው ተርሚቶሚሰስ ሮዝ ብናኝ አለው፤ ይበላል። ነገር ግን ሆድ ክፉኛ የሚያውኩት ብዙዎቹ ኤንቶሎማዎችም ብናኛቸው ሮዝ ነው! በገለባና በቡና ገለፈት የሚመረተው ፕሊውሮተስ ብናኙ ነጭ ነው፤ የገዳዩ አማኒታም እንዲሁ። ስለዚህ ቀለሙ ወገኑን ለማጥበብ ይረዳል እንጂ «ብሉ» የሚል ፈቃድ አይሰጥም። ቀለበቱ፣ ሽታው፣ ሲቆረጥ የሚለወጠው ቀለሙ፣ የበቀለበት ቦታ ሁሉ አብረው መታየት አለባቸው።

ሁለት አታላዮች

ክሎሮፊሉም ሞሊብዳይተስ በሞቃት አገሮች ሣር ላይ ይበቅላል። በለጋነቱ ስንጥቡ ነጭ ስለሆነ የሚበላ ይመስላል፤ ሲበስል አረንጓዴ ይሆናል። የበላው ሰው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልሰዋል።

አማኒታ ፋሎይደስ ከዚህ የከፋ ነው። ከአውሮፓ ከዛፍ ችግኝ ጋር ተጉዞ እስከ ደቡብ አፍሪካ ደርሷል። ነጭ ስንጥብ፣ እግሩ ላይ ቀለበት፣ ከሥሩም ከረጢት አለው። እንጉዳዩን ከላይ ብቻ ከነቀሉት ግን ከረጢቱ፣ ማለትም ዋናው ምልክት፣ አፈር ውስጥ ይቀራል። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከ6 ሰዓት በኋላ ነው፤ ማስመለስና ተቅማጥ ይከተላል። ከዚያ በሽተኛው የዳነ ይመስላል፤ ጉበቱ ግን እየሞተ ነው። መቀቀልም ሆነ መጥበስ መርዙን አያጠፋውም።

የማይታመኑ መለኪያዎች

«የብር ማንኪያ ካላጠቆረ ይበላል»፣ «ነፍሳት ከበሉት ለሰውም ይሆናል» የሚባሉት ስህተት ናቸው። ቀንድ አውጣ ገዳዩን በልቶ ምንም አይሆንም። በጋምቤላ ደኖች የሚኖሩት ማጃንጎች እንጉዳይ የሚበሉት እያንዳንዱን በስሙ ለይተው ስለሚያውቁ ነው።

ሐዲሱና ከምኣ

በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበ ሐዲስ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከምኣን ማወደሳቸው ይታወቃል። ከምኣ ግን ከመሬት በታች የሚገኝ፣ ስንጥብም ቆብም የሌለው ሌላ ፍሬ ነው። ስለዚህ ሐዲሱን ለማንኛውም የሜዳ እንጉዳይ ማስረጃ ማድረግ አይገባም። ምግብ በመሠረቱ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ነፍስን ለጥፋት መጣል አላህ (ሱ.ወ) የከለከለው ነው።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን እንጉዳይ እንዲመለከቱ፣ እንዲስሉ፣ ብናኙን እንዲያትሙ እናበረታታቸው፤ ወደ አፋቸው እንዳያስጠጉት ግን እናስጠንቅቃቸው። አንድ ሰው ያልታወቀ እንጉዳይ ከበላ ሕመም እስኪሰማው ሳንጠብቅ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዘን ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደሚቀርበን ሆስፒታል እንገስግስ።

ወሏሁ አዕለም።