ወረቀት የሌላት ንብ

ንብ ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ቀፎና ማር ነው። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ እስከ ዛሬ ስም የወጣላቸው የንብ ዝርያዎች ከ20 ሺህ በላይ ናቸው፤ የቀፎዋ ንብ ከነዚህ ሁሉ አንዷ ብቻ ናት። አብዛኞቹ ማር አያከማቹም፣ ንግሥትም የላቸውም። እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ በመሬት ውስጥ፣ በደረቅ እንጨት ወይም በአገዳ ውስጥ ጎጆዋን ትሠራለች። የዱር ንቦች የምንላቸው እነዚህን ነው።

ታዲያ ይኼ ለእኛ ምን ያደርግልናል? የሚል አይጠፋም። ኑግን እንመልከት። ኑግ በራሱ ብናኝ እምብዛም ፍሬ አይዝም፤ ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ነፍሳት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በድስታችን ውስጥ ያለው የኑግ ዘይት የንብ ድካም አለበት ማለት ነው።

እንግዲህ አንዲት ነፍሳት ስናገኝ እንዴት እንለያታለን? በመጀመሪያ ክንፏን እንቁጠር። ዝንብ ሁለት ክንፍ ሲኖራት ንብ አራት አላት። ተርብም አራት አላት፤ ነገር ግን ተርብ አብዛኛውን ጊዜ ገላዋ ለስላሳ ነው። የንብ ፀጉር ግን በማጉያ መነጽር ሲታይ እንደ ላባ ቅርንጫፍ ያለው ነው። ቀጥሎ አንቴናዋን እንይ፤ የሴቷ 12 ክፍል፣ የወንዱ 13 ክፍል አለው። በመጨረሻም ብናኙን የት እንደምትሸከም ልብ እንበል። ብዙዎቹ በኋላ እግራቸው ይሸከማሉ፤ ቅጠል እየቆረጡ ጎጆ የሚሠሩት ግን በሆዳቸው ሥር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ የሆነችው ጣዝማ ናት። በቤተሰብ ረገድ የቀፎዋ ንብ ዘመድ ስትሆን በወገን ግን ሌላ ናት። አትናደፍም። መሬት ውስጥ ትኖራለች፤ ማሯንም እንደ ትንንሽ እንስራ ባሉ ክብ የሰም ዕቃዎች ታጠራቅማለች። የሳይንስ ስሟ በ1879 (እ.ኤ.አ.) ተመዘገበ፤ የአገራችን ገበሬ ግን በራሱ ስም ጠርቷት ኖሯል። ማሯ መድኃኒት ነው ስለሚባል ይፈለጋል፤ ሊያወጡት ሲቆፍሩም ብዙ ጊዜ ጎጆው አብሮ ይፈርሳል። በአንድ ቀበሌ አምና ስንት ጎጆ ነበር? ዘንድሮስ ስንት ቀረ? ያልተጻፈ ነገር ቢጠፋም መጥፋቱ አይታወቅም።

ባለፈው ዓመት አንዳንዶቻችን ለትምህርት መርጃ ብለን አንድ ሳጥን ሙሉ ነፍሳት ሰበሰብን። አሰካኩ ጥሩ ነበር። ከየት እንደመጡ ስንጠየቅ ግን እርስ በርስ ተያየን። ወረቀት የሌላት ንብ የሞተች ነፍሳት ናት እንጂ ማስረጃ አይደለችም። በየአንዳንዷ ሥር ሊጻፍ የሚገባው ይኼ ነው፦

ቀበሌና ወረዳ፤ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፤ ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት፤ የነበረችበት አበባ ወይም ጎጆ፤ የአካባቢው ሰዎች የሚጠሯት ስም፤ የሰብሳቢው ስም።

የጽሑፉን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ስለ ቀፎዋ ንብ እንኳ ሊቃውንት አልተስማሙም። በ2004 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት የኢትዮጵያን ንብ በአምስት ንዑስ ዝርያ ሲከፍላት፣ በ2011 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ንዑስ ዝርያ ብቻ ናት አለ። ሁለቱን ለማነጻጸር የሚቻለው ናሙናው ከየት እንደተወሰደ ስለ ተጻፈ ነው።

ነገ በየገጠሩ እንመደባለን። ለምዝገባው የሚያስፈልገን ደብተር፣ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ከአንድ ዓይነት አንድ ወይም ሁለት ብቻ እንያዝ፤ ጎጆ አንቆፍር። ተማሪዎቻችንም ይቁጠሩ፣ ይጻፉ። ስሟን ባናውቅ እንኳ ቦታዋንና ቀኗን እንጻፍ፤ ስሙን በኋላ የሚያውቅ ይጨምርበታል፤ ቦታውንና ቀኑን ግን ከእኛ በቀር ማንም ሊሞላው አይችልም።