ያለ ማጣሪያ የሚኖር የዓሣ ገንዳ፦ የጨፋን ረግረግ በመስታወት ውስጥ ማጥናት

ከደሴ ዙሪያ ተራሮች የሚነሣው የቦርከና ወንዝ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ ከሚሴ አካባቢ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንስና በሰፊ ሜዳ ላይ ይንጣለላል። ይህ ሜዳ የጨፋ ረግረግ ነው። የጨፋ ሮቢት ከተማም የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። ቃሉ በኦሮምኛ ውኃ አዘል ለምለም መስክን ከሚያመለክተው «ጨፌ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የገዳ ጉባኤ በእንዲህ ያለ መስክ ላይ ይካሄድ ስለነበር የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። በበጋ ወራት የኦሮሞ፣ የአፋርና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚነዱት ወደዚህ ሜዳ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ርዕሰ ጉዳይ ከዚህ ሰፊ ሜዳ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው፤ መቶ ሊትር ገደማ ውኃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ፣ በተለምዶ አኳሪየም የሚባለው። ጽሑፉ የውኃ ውስጥ ተክሎችንና ትናንሽ የሞቃት አካባቢ ዓሦችን በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማጣሪያ ሳይታገዙ እንዴት አብሮ ማኖር እንደሚቻል ያብራራል። በጸሐፊው አስተያየት ይህ ዘዴ ለከሚሴና ለአካባቢው ትምህርት ቤቶችና ቤተ ሙከራዎች ከሌሎቹ ይልቅ የሚስማማ ነው። ምክንያቱ ርካሽ መሆኑ ብቻ አይደለም። ገንዳው ውስጥ የሚካሄደው ሥራ ረግረጉ ለቦርከና ከሚሠራው ሥራ ጋር በመሠረቱ አንድ ነው።

ዘዴው አዲስ ግኝት አይደለም። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1849 በለንደን ሁለት ወርቃማ ዓሦችን ቫሊስኔሪያ ከተባለ የውኃ ውስጥ ሣር ጋር በአንድ ማሰሮ አኑሮ፣ ውኃውን ሳይለውጥ በሕይወት ማቆየት ይቻል እንደሆነ ፈተነ። ተክሉ ኦክስጅን ቢሰጥም የሚሞቱት ቅጠሎች እየበሰበሱ ውኃውን አደፈረሱት፤ መስታወቱም በአረንጓዴ አልጌ ተሸፈነ። ዋሪንግተን የኩሬ ቀንድ አውጣዎችን በጨመረ ጊዜ እነርሱ የበሰበሰውን ቅጠልና አልጌውን እየበሉ ውኃው ጠራ። ውጤቱን በ1850 አሳተመ። «አኳሪየም» የሚለው ስም ግን የተለመደው ከአራት ዓመት በኋላ በታተመ በፊሊፕ ሄንሪ ጎስ መጽሐፍ አማካይነት ነው። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ገንዳውን በሕይወት ያቆየው የተክል፣ የዓሣና የቀንድ አውጣ ሚዛን ነበር። መብራት በየጊዜው በሚጠፋበት ከተማ የሚኖር አንባቢ የዚህን ትርጉም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የሚዛኑ መሠረት ናይትሮጅን ነው። ዓሣ የበላው ፕሮቲን ሲፈጭ ትርፉ ናይትሮጅን በአብዛኛው በአሞኒያ መልክ በስንጥቡ በኩል ይወጣል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው መርዛማው ነጻ አሞኒያ፣ ሁለተኛው ጉዳቱ አነስተኛ የሆነው አሞኒየም ነው። የሁለቱን ድርሻ በዋናነት የሚወስኑት ፒኤች እና ሙቀት ናቸው። በ25 ዲግሪ ሴልሲየስ፣ ፒኤች 7 በሆነ ውኃ ከጠቅላላው ነጻ አሞኒያ የሚሆነው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ፒኤች 8 ሲሆን ወደ 5 በመቶ፣ ፒኤች 9 ሲሆን ደግሞ ከ35 በመቶ በላይ ይደርሳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት የአሞኒያ ልኬት በአንዱ ገንዳ ውስጥ ምንም ሳያስከትል በሌላው ዓሦቹን ሊፈጅ ይችላል። ፒኤችን ሳይለኩ አሞኒያን ብቻ መለካት ትርጉሙ ግማሽ ነው።

በተለመደው ገንዳ አሞኒያን የሚያስወግዱት በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ናቸው። መጀመሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ይህ ሂደት ዋጋ ያስከፍላል፤ 1 ሚሊ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት እስኪለወጥ ድረስ 4.6 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይበላል። በባሕር ወለል 25 ዲግሪ ሙቀት ያለው ንጹሕ ውኃ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ኦክስጅን መያዝ ሲችል፣ እንደ ከሚሴ 1400 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ግን የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ መጠኑ ወደ 7 ሚሊ ግራም ይወርዳል። በአውሮፓ ለተዘጋጁ መመሪያዎች ይህ ጉዳይ አይደለም፤ ለእኛ ግን ነው። ተክሎች በበኩላቸው አሞኒየሙን በቀጥታ ይወስዱታል። አብዛኞቹ የውኃ ውስጥ ተክሎች ሁለቱን ቢያገኙ ከናይትሬት ይልቅ አሞኒየምን ያስቀድማሉ፤ በወሰዱትም መጠን ባክቴሪያዎቹ ይበሉት የነበረው ኦክስጅን ይተርፋል። በቀን ብርሃን ደግሞ ኦክስጅን ይጨምራሉ። ሌሊት እነርሱም ስለሚተነፍሱ የገንዳው ኦክስጅን ዝቅተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው፤ የኦክስጅን ልኬት የሚወስድ ተማሪም መነሣት ያለበት በዚያ ሰዓት ነው።

ገንዳው 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 35 ስፋትና 40 ከፍታ ቢኖረው 112 ሊትር ይይዛል፤ ውኃው ብቻ 112 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ጠንካራና ወለሉ የተስተካከለ ጠረጴዛ ያስፈልጋል። ከታች ስስ የአፈር ንጣፍ፣ ከላዩ በደንብ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይደረጋል። የቧንቧ ውኃ በክሎሪን ከታከመ አፉ በተከፈተ ባልዲ ቢያንስ አንድ ቀን ማደር አለበት። ብርሃን በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል፤ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ግን ለተክሉ ሳይሆን ለአልጌው ነው የሚጠቅመው። በአዲስ አበባ ብርድ የግድ የሚሆነው የውኃ ማሞቂያ በከሚሴ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል ላያስፈልግ ይችላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ፍርዱን ለቴርሞሜትር መተው ነው።

ለጀማሪ ከሁሉ የሚሻለው ተክል ሴራቶፊለም ዴመርሰም ነው። ሥር የለውም፤ ምግቡን በመላ አካላቱ ከውኃው ስለሚወስድ ከተጨመረበት ቀን ጀምሮ ሥራውን ይጀምራል። ቫሊስኔሪያና ፖታሞጌቶን አሸዋው ላይ ተተክለው ቀስ ብለው ይከተላሉ። ሁሉም በሀገራችን ውኃዎች ይገኛሉ። ቄጠማና ፊላ ግን ከውኃ በላይ የሚያድጉ ስለሆኑ ለገንዳ አይመቹም። በአበባው ውበት የሚያታልለው እምቦጭ ፈጽሞ መግባት የለበትም። የደቡብ አሜሪካው ተወላጅ እምቦጭ በዓለም ላይ የተሰራጨው በአብዛኛው እንደ ጌጥ ተክል ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው፤ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ ተመዘገበ፣ በጣና ደግሞ በ2011። ቦርከና የአዋሽ ገባር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የዋሪንግተን ዘዴ በጨፋ እንዳለ ሊወሰድ የማይችለው በቀንድ አውጣው ላይ ነው። በቦርከና ሸለቆ የአንጀት ብልሃርዚያ ከታወቀ ቆይቷል። የበሽታው ጥገኛ ትል የሚራባው ባዮምፋላሪያ በተባለ፣ ዛጎሉ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ጠፍጣፋ በሆነ ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። ከቀንድ አውጣው የወጡ እጮች በውኃው ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን በሕይወት ሊቆዩና የሰውን ቆዳ በስተው ሊገቡ ይችላሉ። የተጠቃው ቀንድ አውጣ ግን እጮቹን ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይለቃል። ስለዚህ ከረግረጉ ተክል የሚሰበስብ ሰው የጎማ ቦት ጫማና ረጅም ጓንት ማድረግ አለበት። የመጣው ተክል በቀጥታ ወደ ገንዳው አይገባም፤ በተለየ ባልዲ ውስጥ ሆኖ ቅጠል በቅጠል ይታያል፣ ቀንድ አውጣና ዝልግልግ የእንቁላል ክምችት ይለቀማል፣ ውኃውም እየተለወጠ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ይቆያል። እንቁላሎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሚፈለፈሉ ከዓይን ያመለጠው በዚህ ጊዜ ይታያል። ገንዳ ሲጸዳ ውኃውን በጎማ ቱቦ በአፍ መሳብም የተለመደ ነገር ነው፤ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ቱቦውን በውኃ ሞልቶ አንዱን ጫፍ በጣት ይዞ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ቀንድ አውጣው ይሠራው የነበረውን የቅጠል ማጽዳት ሥራ እንግዲህ ሰው በመቀስ ይሠራዋል።

ዓሣን በተመለከተ በመጀመሪያ የሚታሰቡት ቆሮሶና አምባዛ ለዚህ ገንዳ አይሆኑም። ቆሮሶ አሸዋ ይቆፍራል፣ ተክል ይነቅላል፤ አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ሊያድግ ይችላል። በአዋሽ ተፋሰስ የሚታወቁ ትናንሽ ዝርያዎች ግን አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሚክሮፓንቻክስ አንቲኖሪ ነው። ይህች ጥቂት ሳንቲ ሜትር የምትረዝም ዓሣ ስሟን ያገኘችው በአንኮበር አቅራቢያ በልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ ይሠራ ከነበረውና በ1882 እ.ኤ.አ. ካረፈው ጣልያናዊ ተጓዥ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ነው፤ ዝርያዋ በሳይንስ የተገለጸችው በዓመቱ ነው። እንዲህ ያሉ ዓሦች በ112 ሊትር ገንዳ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ቢሆኑ በቂ ነው። የሚገቡትም ተክሉ አዲስ ቅጠል ካወጣና አሞኒያውና ናይትራይቱ ከማይለካ ደረጃ ከወረዱ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ቆይቶ፣ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ነው። ምግቡ በጥቂት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቅ ይሁን። ከገበያ የሚገዙ ጉፒን የመሳሰሉ የውጭ ዓሦችም በዚህ ገንዳ ይኖራሉ፤ ሆኖም ወንዝ አጠገብ ለሚገኝ ትምህርት ቤት የአካባቢውን ዓሣ መምረጥ የተሻለ ነው።

ከዚህ በኋላ ገንዳውን ትቶ ወደ ረግረጉ ማየት ይቻላል። ተክሉ ናይትሮጅኑን አላጠፋውም፤ ወደ ቅጠልነት ለወጠው እንጂ። ቅጠሉ እዚያው ከበሰበሰ አሞኒያው ይመለሳል፤ ታጭዶ ከወጣ ግን ናይትሮጅኑ አብሮ ይወጣል። በጨፋ የመቀሱን ሥራ የሚሠሩት የአጫጁ ማጭድና የአርብቶ አደሩ ከብት ናቸው። እበቱ ከፊሉን ቢመልስም ሥጋው፣ ወተቱና ወደ ቤት የሚጫነው ሣር ከረግረጉ ይወጣል። ችግሩ ቦርከና ይዞት የሚመጣው ናይትሮጅን ብቻ አለመሆኑ ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ ከቆዳ ማልፊያ ከሚወጡ ቆሻሻዎች አንዱ ደግሞ ክሮሚየም ነው። ብረታ ብረትን ባክቴሪያ ወደ አየር አይለውጠውም። በደለሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ ወይም በሥርና በቅጠል ይከማቻል። ናይትሮጅንን ለማስወጣት የጠቀመው ማጨድና ማስጋጥ ለብረታ ብረት ሲሆን ወደ ከብቱ የሚያደርስ መንገድ ሊሆን ይችላል። ረግረጉ እየተጠነፈፈ እርሻ ሲሆንም የሚቀረው ጥቂት ተክል የበፊቱን ያህል ጭነት ይሸከማል፤ ይህም በገንዳ ውስጥ ተክሉን በግማሽ ቀንሶ ዓሣውን እንዳለ እንደ መተው ነው።

ይህን በሦስት ገንዳዎች መፈተን ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ከአቅም በላይ አይደለም፤ አንዱ ያለ ተክል፣ ሁለተኛው በየሳምንቱ የሚታጨድ ተክል ያለው፣ ሦስተኛው ተክሉ ሳይታጨድ የሚተው። ለሦስቱም እኩል መጠን ያለው አሞኒየም ክሎራይድ ይጨመራል፤ ዓሣ አያስፈልግም። በየሦስት ቀኑ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች፣ ጎሕ ሲቀድ ደግሞ ኦክስጅን ይለካል። የታጨደው ተክል ደርቆ ይመዘናል፤ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከተጨመረው ጋር ሲነጻጸር ምን ያህሉ በተክል እንደተወሰደ ይታወቃል። ትርፉ ተክል ከውኃ ርቆ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ ይቃጠላል ወይም በጥልቀት ይቀበራል። የገንዳው ውኃም ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ አትክልት ቦታ ይደፋል፤ በከሚሴ ቦይ ሁሉ መጨረሻው ቦርከና ነውና።