ሸራና ላፕቶፕ በአንድ ሳሎን፦ ከሠዓሊ ባለቤት ጋር ሙዚቃ መጀመር

እኔ ቀን ቀን ቢሮ ተቀምጬ ሒሳብ እሠራለሁ። ባለቤቴ ሠዓሊ ናት። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እሷ ሸራዋ ፊት ትቆማለች፣ እኔ ላፕቶፔን እከፍታለሁ። ድምፃዊ የለንም፣ ግጥም የለንም። የምንሠራው በመሣሪያ ብቻ የሚሄድ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ነው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ሐሳብ ካለ፣ እንዴት እንደሚጀመርና ስንት እንደሚያስወጣ ላጫውታችሁ።

ኤሌክትሮኒክ ሲባል ድምፁ በኤሌክትሪክ ወይም በኮምፒውተር የተፈጠረ፣ አለዚያም ተቀድቶ ቅርጹ የተለወጠ ማለት ነው። ለእኛ ጆሮ ባዳ አይደለም። ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ምት ከሚመታ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት አውጥቷል። ካሴቱ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታትሞ በመላው ዓለም ተደመጠ። እስካሁን ካልሰማችሁት ዛሬ ማታ ስሙት።

«መጀመሪያ ምን እንግዛ?» ምንም። ላፕቶፕና ደህና የጆሮ ማዳመጫ ካላችሁ ይበቃል። ኦዳሲቲ ድምፅ ለመቅዳትና ለመቁረጥ፣ ኤል ኤም ኤም ኤስ ደግሞ ምትና ዜማ ለመደርደር የሚያገለግሉ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሪፐር የሚባለውን 60 ቀን በነፃ ሞክራችሁ ከወደዳችሁት ለግለሰብ 60 ዶላር ነው። ትንሽ ኪቦርድ ጣት ያፍታታል፤ ግን ሦስት ዜማ ሳትጨርሱ አትግዙ። የእኔ የመጀመሪያው ስድስት ወር ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ጠጥቷል።

የመጀመሪያው ዜማ ከሉፕ ይጀምር። ሉፕ ማለት እየዞረ የሚደጋገም አጭር ቁራጭ ነው። ፍጥነቱን በደቂቃ 80 ምት አድርጉት፤ 16 ምት ልክ 12 ሰከንድ ይሆናል። በዚያች 12 ሰከንድ ውስጥ የሚሆነውን ካገኛችሁ፣ የቀረው መቼ ምን እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ መወሰን ነው።

ፕሮግራሙ ሲከፈት በ4/4 ምት ይጠብቃችኋል። ችክችካ ከፈለጋችሁ ወደ 6/8 ለውጡት፤ አለዚያ ቀኑን ሙሉ «ምኑ ነው እምቢ ያለኝ?» እያላችሁ ትውላላችሁ። በትዝታ ሜጀር መሥራት ካማራችሁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብቻ ንኩ። ክራር የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ክራሩን በኮምፒውተሩ ልክ ቃኙት። ኮምፒውተሩ ካልነካካችሁት በቀር «ላ»ን በሰከንድ 440 ንዝረት ላይ ተክሎ ንቅንቅ አይልም።

«ሠዓሊዋስ ምን ትሠራለች? ሽፋን ትሣላለች?» ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ይህንን ነው፣ እኔም መጀመሪያ የመሰለኝ ይኸው ነበር። አንድ ማታ ባለቤቴ የደረቀ ቀለም በቢላ ስትፍቅ ሰማኋት። ክርር፣ ክርር፣ ከዚያ ዝም። እኔ ለሳምንት ስፈልገው የነበረው የጽናጽል ዓይነት ድምፅ እዚያው ሳሎናችን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስትጀምር ስልኬን ከሸራው ጀርባ አስቀምጣለሁ። በደንብ የተወጠረ ሸራ በብሩሽ እጀታ ሲመታ ከበሮ ነው። ያንን ድምፅ በግማሽ ፍጥነት ብታጫውቱት አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከዶ እስከ ታችኛው ዶ ድረስ ይወርድና ደረት ላይ ያርፋል። ስትቀዱ መስኮት ዝጉ፣ ፍሪጅም አጥፉ። መልሳችሁ ማብራት ግን አትርሱ፤ እኛ ረስተን የሁለት ቀን ወተት ደፍተናል።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ኪቦርዱን ስትነኩ ድምፁ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ኮምፒውተሩ ድምፁን ጥቂት ጥቂት እያጠራቀመ ስለሚያወጣ ነው። ማጠራቀሚያው «በፈር» ይባላል። ስትጫወቱ ወደ 256 ወይም ከዚያ በታች አውርዱት፣ ዜማውን ስታስተካክሉ መልሳችሁ ከፍ አድርጉት። በጣም ካወረዳችሁት ይንጣጣል።

«መቼ ነው አለቀ የሚባለው?» እዚህ ላይ ሠዓሊ ይበልጠናል፤ ብሩሽ ማስቀመጥ የሙያው ግማሽ ነውና። ባለቤቴ እየሣለች ትሰማለች፣ አስተያየት አትሰጥም። እኔ እጇን አያለሁ። የሆነ ቦታ ላይ ብሩሿ ከቆመ፣ እዚያ ቦታ የሚረብሽ ነገር አለ። ያንን አወጣለሁ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው እኔ በጣም የምወደው ነው፣ ምን ይደረጋል።

ሽፋኑም ቢሆን ይቀራል አላልኩም። የሙዚቃ መሸጫዎች የሚወዱት በአራቱም ጎን እኩል የሆነ፣ 3000 በ3000 ፒክስል ምስል ነው። ትልቅ ሥዕል አንስቶ ጎንና ጎኑን መቁረጥ ግን ጠብ ያመጣል። በ30 በ30 ሳንቲ ሜትር ሸራ ላይ ለዜማው ብላ ብትሥል ይሻላል። ፎቶውን ያለ ፍላሽ፣ ውጭ ጥላ ላይ አንሱ፤ የዘይት ቀለም ቀጥታ ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል።

ለሕዝብ ማውጣቱ ብዙ አያስወጣም። ዩቲዩብ ነፃ ነው። ባንድካምፕ የመመዝገቢያ ክፍያ አይጠይቅም፤ ከተሸጠው ዲጂታል ሙዚቃ ግን 15 በመቶ ይቆርጣል፣ የገንዘብ አስተላላፊው ክፍያም ለብቻው አለ። በ5 ዶላር ከሸጣችሁ 75 ሳንቲሙ የእነሱ ነው። ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ላይ የሚገባው በአከፋፋይ በኩል ነው፤ አንዳንዱ ዓመታዊ ክፍያ፣ አንዳንዱ ድርሻ ይጠይቃል። ከመመዝገባችሁ በፊት ገንዘቡ እናንተ ያላችሁበት አገር በምን መንገድ እንደሚደርስ እዩ። ብዙ ሰው የሚያዝነው እዚያ ላይ ነው።

የመጨረሻው ወጪ አንድ ወረቀት ነው። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዜማውም ሥዕሉም ገና ሲፈጠሩ ጀምሮ ጥበቃ አላቸው። ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ግን እናንተው ተነጋግራችሁ ጻፉት። የሽፋኑ ሥዕል ሲሸጥም ሸራው እንጂ የማባዛት መብቱ እንዳልተሸጠ ደረሰኙ ላይ ይቀመጥ። ባልና ሚስት ምን ወረቀት ያስፈልጋቸዋል ትሉ ይሆናል። እኛም ብለን ነበር። አሁን «ግማሽ በግማሽ» የሚለው ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፣ «መልሰህ አብራ» ከሚለው ሥር። ትንሽ ሰማያዊ ቀለም ነክቶታል፣ ግን ይነበባል።