ዲጄው የሚሠራበት ዕቃ የራሱ አይደለም

ክለብ ስትገቡ ዲጄው ወደቆመበት ጠረጴዛ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ግራና ቀኝ ሁለት ማጫወቻ፣ መሀል ላይ ሚክሰር፣ ከጎን ደግሞ ፊቱን ወደ ዲጄው ያዞረ ስፒከር ታያላችሁ። ብዙ ሰው ያ ሁሉ የዲጄው ንብረት ይመስለዋል። ደህና በተደራጀ ክለብ ግን ዕቃው የቤቱ ነው፤ ዲጄው ይዞ የመጣው ሄድፎኑንና ኪሱ ውስጥ ያለችውን ፍላሽ ነው። ስለ ዲጄነት ሥራ ለሚጠይቀኝ ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የምነግረው ይሄን ነው። ዕቃ ስንመርጥ የምናነሳው ጥያቄ እዚህ ላይ ይለወጣላ! «የትኛው ማሽን ይበልጣል?» መባሉ ቀርቶ «ነገ ሰው ቤት፣ በሰው ዕቃ፣ በጨለማ ስሠራ እጄ ምን ለምዷል?» ይሆናል።

እርግጥ ሁሉም ቤት የተሟላ አይደለም። ላውንጅ፣ ሆቴልና ሰርግ ላይ ዲጄው ላፕቶፑንና የላፕቶፑን የዲጄ ፕሮግራም የሚያዝበትን ኮንትሮለር፣ አንዳንዴም ስፒከሩን ጭምር ተሸክሞ ይመጣል። ወደ ትልልቆቹ ክለቦች እየገባ ሲሄድ ግን ሸክሙ ይቀላል፤ በማያውቀው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ወዲያው ሥራ የመጀመር ችሎታው ነው የሚፈለገው።

በየአገሩ ያሉ ክለቦች አንድ ዓይነት ዕቃ የሚያስቀምጡት ለምን ይመስላችኋል? ታሪኩ ደስ ይላል። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልንገራችሁ። የጃፓኑ ቴክኒክስ በ1972 ኤስኤል-1200 የተባለ የሸክላ ማጫወቻ አወጣ። ሞተሩ ሳህኑን ያለ ቀበቶ በቀጥታ ስለሚያዞረው ቶሎ ይነሳል፣ በእጅ ሲያዝም አይልፈሰፈስም። የታሰበው ቤት ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር፤ የወሰዱት ግን ዲጄዎች ናቸው። በ1979 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ የሚጨምርና የሚቀንስ ረጅም ተንሸራታች ይዞ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ክለብ ማለት ያ ማጫወቻ ሆነ። ቀጥሎ ፓዮኒር መጣ። በ1994 ሲዲጄ-500ን፣ በ2001 ደግሞ ሸክላን በእጅ እንደማሽከርከር የሚያስኬድ ትልቅ ጎማ ያለውን ሲዲጄ-1000ን አወጣ። በ2009 የመጣው ሲዲጄ-2000 ሪከርድቦክስ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ተጣምሮ ሥራውን ወደ ፍላሽ አዞረው፦ ዘፈኖቻችሁን ቤት ታዘጋጃላችሁ፣ ክለቡ ስትደርሱ ትሰኳታላችሁ፣ ያዘጋጃችሁት ሁሉ እዚያው ይወጣል። የ2020ው ሲዲጄ-3000 የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። ክለቦች ይሄን የሚገዙት የትኛውም እንግዳ ዲጄ መጥቶ ማብራሪያ ሳይጠይቅ እንዲሠራበት ነው። እንግዳው የሚጠይቀው የታወቀውን፣ ቤቱ የሚገዛው የተጠየቀውን ስለሆነ ልማዱ ራሱን ያጸናል።

እንግዲህ ጀማሪ ምን ይግዛ? ሁለት ሲዲጄ-3000 ከነሚክሰሩ ቀረጥና ማጓጓዣ ሳይጨመር ከ6,000 ዶላር በላይ ነው። ተበድሮ እሱን የሚገዛ ጀማሪ ባይ እከለክለዋለሁ። ወደ 300 ዶላር የሚያወጣ ባለሁለት ቻናል ኮንትሮለር ይበቃል፤ የምትመርጡት ግን በሚያበራው መብራት ብዛት ሳይሆን በአዝራሮቹ አቀማመጥ ነው። የማጫወቻው ቁልፍና ወደ መነሻ ነጥብ የሚመልሰው የኪዩ ቁልፍ ከጎማው በታች በግራ በኩል፣ የፍጥነት ተንሸራታቹ በቀኝ፣ ሦስቱ የድምፅ ማስተካከያዎች በየቻናሉ ከላይ ወደ ታች፣ ልክ ክለብ እንዳለው ይሁኑ። እጅ ቦታ ነው የሚያስታውሰው። የፓዮኒር ትንንሾቹ ኮንትሮለሮች በዚህ የታወቁ ናቸው። ሌላ ኩባንያ የሠራቸውም መጥፎ አይደሉም፤ አቀማመጣቸው ከራቀ ግን ክለብ ስትገቡ እንደገና መማር ነው።

በእነዚህ ርካሽ ኮንትሮለሮች አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ድምፅ የሚያወጡት ብዙ ጊዜ ቀይና ነጭ ጫፍ ባላቸው በተለመዱት ገመዶች ነው። ለቤት ይበቃሉ፤ አዳራሽ ውስጥ 10 ሜትር ስትዘረጓቸው ግን ከመብራት መስመሩ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይለቅማሉ። ለሰርግና ለመድረክ የምትሠሩ ከሆነ ማይክ የሚሰካበት ዓይነት ባለሦስት እግር ኤክስኤልአር መውጫ ያለውን ፈልጉ፤ በረጅም ገመድ ላይ የሚገባውን «ዝዝዝ» አጥፍቶ ነው የሚያደርሰው።

ሳትሰስቱ ገንዘብ የምታወጡበት ሄድፎን ነው። ከሁሉም ዕቃ የትም የሚከተላችሁ እሱ ነውና። ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ፣ አንዱን ወገን ወደ ኋላ መልሳችሁ በአንድ ጆሮ ልትሰሙበት የምትችሉት፣ ገመዱና ስፖንጁ ሲያልቅ ተነቅሎ የሚቀየር ይሁን። የሴንሃይዘሩ ኤችዲ 25 ከ1988 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለው እንዲህ ስለሆነ ነው፤ የተበላሸውን ክፍል ብቻ ገዝቶ መቀየር ይቻላል። ፍላሽ ደግሞ ሁልጊዜ ሁለት ያዙ። ሁለቱንም ፋት 32 በሚባለው መንገድ ፎርማት አድርጓቸው፤ የቆዩ ማጫወቻዎች ሌላውን ዓይነት ላያነቡ ይችላሉ፣ እሱን ደግሞ ክለቡ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ማወቅ አይፈለግም።

አሁን እኔ በጣም የምወደው ክፍል ላይ ደረስን፤ የኛ ሙዚቃና እነዚህ ማሽኖች ሲገናኙ። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ የሐበሻ ምሽት የሚያጫውት ዲጄ በአንድ ሌሊት አማፒያኖ፣ አፍሮቢት፣ ሬጌ፣ ጉራግኛና ችክችካ ያገናኛል። ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ግን ምቱ ለሁለትና ለአራት የሚከፈል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍጥነቱ የማይለወጥ ሙዚቃ ታስቦ ነው። ችክችካ ውስጥ እያንዳንዱ ዋና ምት ለሦስት ይከፈላል። ስለዚህ እግራችሁ በደቂቃ 120 ጊዜ መሬት የሚመታበትን ዘፈን ማሽኑ 180 ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ስሌቱን ተከተሉኝ፦ 120 ምት ለሦስት ሲከፈል በደቂቃ 360 ትንንሽ ምት ይሆናል፤ ማሽኑ እነሱን በለመደው መንገድ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲቆጥራቸው 180 ይወጣል። በዚህ ቁጥር አምናችሁ የሁለት ዘፈን ፍጥነት በራሱ የሚያገጣጥመውን ሲንክ የሚባል ቁልፍ ከተጫናችሁ ሁለቱ ዘፈኖች እዚያው ይጣላሉ። መድኃኒቱ ቤት ሆኖ ዘፈኑን ከፍቶ በእግር ምት ልክ ቁልፉን በጣት እየመቱ ትክክለኛውን ቁጥር በእጅ ማስገባት ነው። በየዘፈኑ ይሄን ማድረግ ያደክማል፤ ግን ሥራው ይሄ ነው።

የድሮዎቹ ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ከጀመረ በኋላ ባሉት ዓመታት የተቀዱት ሸክላዎች ባንዱ አንድ ላይ ተቀምጦ የተጫወታቸው ናቸው። ከበሮ መቺው ሲሞቀው ፍጥነቱም አብሮ ይሞቃል፤ ሕይወት የሰጣቸውም እሱ ነው። ለዲጄው ግን በ120 የጀመረ ዘፈን በ120 ይጨርሳል ማለት አይቻልም። የአንድ ምት ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ 120 እና 121 ላይ ያሉ ሁለት ዘፈኖች ግን በአንድ ደቂቃ ውስጥ በአንድ ሙሉ ምት ይራራቃሉ። ስለዚህ እነዚህን ዘፈኖች ረጅም ጊዜ አደራርቦ ማጫወት አያዋጣም። የኔ ምርጫ ግልጽ ነው፦ አዝማቹ ሲያልቅ ወይም ጭብጨባ ብቻ የቀረበት ቦታ ላይ ጠብቆ ቁርጥ አድርጎ መግባት። በደንብ የተቆረጠ ዘፈን እስክስታ ላይ ያለውን ሰው ትከሻ አያስቆምም፤ ለግማሽ ደቂቃ የሚጋጩ ሦስትና ሁለት ግን ያስቆሙታል።

ድምፁም ላይ እንዲሁ ነው። ሸክላን በ6 በመቶ ስታፈጥኑት የዘፋኙ ድምፅ በግማሽ ቶን ያህል ከፍ ይላል። ዲጂታል ማጫወቻዎች ድምፁን ባለበት ይዘው ፍጥነቱን ብቻ የሚቀይሩበት ቁልፍ አላቸው። ፕሮግራሞቹ ከዚህም አልፈው «ይሄ ዘፈን ከዚያኛው ጋር ይስማማል» እያሉ ይመክራሉ። የሚያውቁት ግን 24ቱን የምዕራባውያን ሜጀርና ማይነር ብቻ ነው። እንደ አንቺሆዬና አምባሰል ያሉት ቅኝቶቻችን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ማሽኑ ግን ዝም አይልም፣ የቀረበውን ስም ይለጥፍባቸዋል። ለሐበሻ ዘፈን ይሄን ምልክት አጥፉትና በጆሮ ሂዱ። ትዝታን ከትዝታ፣ ባቲን ከባቲ አጠገብ የሚያስቀምጥ የራሳችሁ ምድብ ብትሠሩ ከማንኛውም ፕሮግራም ይበልጣል።

ክለቡ ውስጥ ስትገቡ የመጀመሪያው ፈተና ርቀት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ዋናዎቹ ስፒከሮች ከእናንተ 10 ሜትር ከራቁ የምትሰሙት 29 ሚሊሰከንድ የዘገየ ነው። ሄድፎናችሁ ውስጥ ያለው ዘፈን ግን አልዘገየም። ሁለቱን በጆሯችሁ ስታገጣጥሙ በእርግጥ የተገጣጠሙት ዘፈኖች ያልተገጣጠሙ ይመስላችኋል፤ ከበሮው እንደ ሶምሶማ ፈረስ ኮቴ ድርብ ድርብ ይላል። አጠገባችሁ የሚቀመጠው ስፒከር ሥራው ይሄን ችግር ማስቀረት ነው። እሱ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ሚክሰሩ ላይ ሁለቱንም ዘፈን ሄድፎን ውስጥ የሚያሰማ ቁልፍ አለ፤ እዚያው ውስጥ አገጣጥሙ።

ቀጥሎ ቀዩ መብራት። ሌሊቱ ሲሞቅ ሰው «ድምፅ ጨምር!» ይላል፤ ጀማሪው ቻናሉን ቀይ እስኪያበራ ይገፋዋል። ከዚያ በኋላ የሚጨምረው መሰነጣጠቅ ነው፤ የቤቱ ሲስተም መገደቢያ ካለው ደግሞ ጭራሽ ባሱን ይጨፈልቀዋል። ቢጫው ላይ ቁሙ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ የቤቱን ሳውንድ ማን ጠይቁት፣ ስፒከሩን የሚያውቀው እሱ ነው። ከካሴት የተገለበጠ የቆየ ዘፈን ከአዲሱ በጣም ዝቅ ብሎ እንደሚመጣም አስቡ። ገና ሄድፎን ላይ እያለ በቻናሉ ራስ ላይ ባለው ማስተካከያ ከፍ ካላደረጋችሁት ዘፈኑ ሲገባ ቤቱ ይቀዘቅዛል።

መብራት ሲጠፋስ? ጀነሬተሩ ተነስቶ እስኪረከብ ሰከንዶች ያልፋሉ፤ ማጫወቻው ደግሞ እንደገና ተነስቶ ፍላሿን እስኪያነብ ሌላ ጊዜ ይፈጃል። ሁለት ማጫወቻና አንድ ሚክሰር አንድ ላይ ከ200 ዋት በታች ነው የሚበሉት፤ ስለዚህ አንዲት ትንሽ ዩፒኤስ ለደቂቃዎች ትይዛቸዋለች። ለባለቤቱ የምትመክሩት ገንዘብ የሚቆጥብ ምክር ይሄ ነው። መብራቱ እንደሄደ ማስተሩን ዝቅ አድርጉ፤ አምፕሊፋየሩ ሲመለስ የሚወጣው «ዷ!» የስፒከሩን ሆድ ሊቀድ ይችላል። ስትከፍቱ አምፕሊፋየር መጨረሻ፣ ስትዘጉ አምፕሊፋየር መጀመሪያ።

ስለ ክፍያ አጭር ነው የምናገረው። ሰዓቱን፣ ትርፍ ሰዓት ስንት እንደሆነና ሌሊት ወደ ቤት የሚያደርሳችሁ ማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ሰርግ ከሆነ ቀብድ ሳትቀበሉ ቀን አትያዙ። መጀመሪያ ሰዓት ላይ የተመደባችሁ እንደሆነ ደግሞ ትልልቆቹን ዘፈኖች አትንኳቸው። ሰው ገና እየገባ፣ ቦታ እየያዘ፣ እያዘዘ ነው፤ የናንተ ሥራ ከኋላ ለሚመጣው ዲጄ የሞቀ ቤት ማስረከብ ነው። ይሄን በደንብ የሚሠራ ዲጄ ተመልሶ ይጠራል።

የቀረው ጆሮ ነው፤ እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም መለኪያ ለ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ እንዲህ እያለ 100 ላይ 15 ደቂቃ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ለመዝናኛ ቤቶች ባወጣው ደረጃ አማካይ ድምፁ ከ100 እንዳይበልጥ ያሳስባል፤ ዲጄው ግን እዚያ ውስጥ 4 እና 5 ሰዓት ይቆማል። ሄድፎኑን ደግሞ ከዚያ በላይ ከፍ አድርጎ ነው የሚሰማው። ሳታገጣጥሙ የምትቆዩባቸውን ደቂቃዎች ሁሉ የጎን ስፒከሩን ዝቅ አድርጉ። ጥጥ ወይም ስፖንጅ መጠቅጠቅ ቀጭኑን ድምፅ ስለሚያጠፋው ሥራችሁን ያበላሻል፤ ለሙዚቀኛ የሚሠራው ባለማጣሪያ የጆሮ መሰኪያ ግን ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የሚቀንሰው፣ ዋጋውም ከ20 እስከ 30 ዶላር ገደማ ነው። ማጣሪያው በትክክል 15 ዴሲቤል ቢቀንስላችሁ 100ው 85 ይሆናል፤ 15 ደቂቃውም 8 ሰዓት። ከኮንትሮለሩ በፊት እሱን ግዙ።