ባርቤኪው ሶስ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን የጥቅምት አዋዜ ሞክሯት

ስልካችሁ ላይ የሆነ ፈረንጅ ጎድን ጥብስ ላይ ወፍራም፣ ጠቆር ያለ ሶስ በብሩሽ ሲቀባ ሳታዩ አትቀሩም። ያ ባርቤኪው ሶስ ነው። ሱፐርማርኬት ገብታችሁ ዋጋውን ስትጠይቁ ግን ጥብሱም ያስጠላችኋል። ውስጡ ያለው ነገር ሲፈታ የሚያቃጥል፣ የሚጣፍጥ፣ የሚኮመጥጥ፣ ጨውና የጭስ ሽታ ነው። ይሄ ሁሉ ደግሞ ሰሜን ሸዋ ውስጥ አለ፤ በተለይ አሁን፣ በመጸው።

ለምን አሁን? ክረምቱ ሲወጣ አገሩ በአደይ አበባ ይሞላል፣ ንቡ ይሠራል፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ አዲስ ማር ይቆረጣል። ጓሳን ጨምሮ በመንዝ ከፍታዎች ላይ ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው ጦስኝም ከዝናቡ በኋላ ለምለም ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በሻይ ነው፤ በግ ላይ ያለውን ጣዕም ያልሞከረ ግን ብዙ ነገር ቀርቶበታል። ለሚጾም ሰው ጊዜው አጭር መሆኑን አትርሱ፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ጽጌን የሚጾም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ግብዣውን ከቁስቋም በኋላ አድርጉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ በርበሬው። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች በርበሬ ከቆላ ነው የሚወጣላት። በመንገድና በመጋዘን እርጥበት ካገኘው ይሻግታል። አንዳንዱ ነጋዴ ክብደት እንዲጨምር ውሃ ይረጭበታል፣ ያኔ ይብሳል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ይሄ መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ለረጅም ጊዜ ከተበላ የጉበት ካንሰር ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮግራም በላይ እንዲገኝ አይፈቅድም። ክፋቱ ደግሞ በማመስም ሆነ በማቁላላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ስለዚህ ከተቻለ ዛላውን ግዙ። የደረቀ ዛላ ስትነቀንቁት ፍሬው ይንሿሿል፣ ስትጨብጡት ይሰበራል። የሚተጣጠፍ ከሆነ እርጥብ ነው፣ ተዉት። ጥቂቱን ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ፤ ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ያለበትን ጣሉ። የተፈጨውን ግን ማንም በዓይን ሊለየው አይችልም፤ የምታምኑት ሰው ጋ መግዛት ብቻ ነው።

ለአንድ ኪሎ የበግ ሥጋ 4 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ጦስኝ እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉ። 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ውቀጡበት። ከዚያ 2 ማንኪያ አረቄ ወይም ጠጅ አፍስሳችሁ ለውሱት። በርበሬን የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን በውሃ ብዙም አይሟሟም፣ በአልኮልና በቅባት ግን ይሟሟል። እናቶቻችን ይሄን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ነው የደረሱበት! አረቄ የማትነኩ ከሆነ 2 ማንኪያ ዘይት ይተካዋል። በመጨረሻ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና አንድ ማንኪያ ማር ጨምሩ፤ ከወፈረ በፈላ ውሃ አቅጥኑት። ሚጥሚጣ የሚጨምር አለ፤ እኔ አልጨምርም፣ ጦስኙን ይሸፍነዋል።

የጭሱ ሽታ ቀላል ነው። የጠላ ጋን በወይራ እንደሚታጠነው፣ ትንሽዬ የሸክላ ዕቃ በሚጨስ ወይራ ላይ ድፉና ጭሱን ሲጠጣ አዋዜውን እዚያ ውስጥ ገልብጡት። የብርጭቆ ዕቃ እንዳትሞክሩ፣ ይሰነጠቃል።

ሥጋውን ከመጀመሪያው ከቀባችሁት ማሩና በርበሬው ያራል፣ ይመራል። በጨው ብቻ ጥበሱትና ሊወርድ 5 ደቂቃ ሲቀረው ቀቡት። የአረቄውን ጠርሙስ ከእሳቱ አርቁ፤ ፍም ላይ ማፍሰስ ቀልድ አይደለም። ጥሬ ሥጋ የነካ ብሩሽም ለመብል ወደ ተቀመጠው አዋዜ አይመለስ።

የተረፈውስ? ጥሬ ነጭ ሽንኩርት በዘይት ተዘፍቆ ከፍሪጅ ውጪ ሲቆይ ቦቱሊዝም የሚባል አደገኛ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ 36 ሰዎች በአንድ ምግብ ቤት የታመሙት በእንደዚህ ዓይነት ነጭ ሽንኩርት ነበር። የሚያስፈራው፣ ሽታውም ሆነ መልኩ ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡና በ4 ቀን ጨርሱት። ፍሪጅ ከሌላችሁ ወይም መብራት የሚቆራረጥ ከሆነ በርበሬውን፣ ጦስኙንና ጨውን ብቻ በደረቁ ቀላቅላችሁ አፉን ግጥም አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ሌላውን በጉ በሚታረድበት ቀን ትጨምሩታላችሁ።