ወደ ቆላ ስንወርድ ቆዳችንን እንዴት እንጠብቅ?

በየካቲት ወር ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የትምህርት ጉዞ እንዳለ በሰልፍ ላይ ተነግሮናል። ስለ መዋጮውና ስለ ምሳው ብዙ ተወርቷል። ስለ ቆዳችን ግን ያወራ የለም። ስለዚህ በዚህ ዕትም እሱን ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ መንገዱን እንየው። ከተማችን ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መኪናው መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣና ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ይሆናል። ዋሻውን ካለፈ በኋላ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 1,000 ሜትር ስንወርድ ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና፣ ደጋንም ቆላንም እናያለን ማለት ነው። ቆዳችንም እንደዚያው።

በደጋው ብርድና ደረቅ ነፋስ አለ። ይሄ ከቆዳችን ላይ እርጥበቱን ይወስዳል። ፊታችን ነጭ ነጭ የሚለውና ከንፈራችን የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ጠዋት ፊታችንን ታጥበን ሳይደርቅ፣ እርጥብ እንዳለ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ጥሩ ነው፤ እርጥበቱን ይይዝልናል። ከንፈርን በምላስ ማራስ ግን ይብሱን ያደርቀዋል።

ቆላ ስንደርስ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ያልበናል። ሹራብ ደራርበን ከቆየን ላቡ መውጫ ያጣና ትንንሽ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣብናል። ስለዚህ ከላይ ሹራብ፣ ከውስጥ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ እንልበስ። ሲሞቅ ሹራቡን ማውለቅ ነው። ጫማ ያለ ካልሲ አታድርጉ። እግራችሁ ውሃ ከቋጠረም አታፍርጡት፤ ታጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ብዙ ልጆች “ፀሐይ የምትጎዳው ቆላ ነው፣ እዚህማ ብርድ ነው” ይላሉ። ነገር ግን ሙቀትና ቆዳ የሚያቃጥለው ጨረር አንድ አይደሉም። ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት የሚባል በዓይን የማይታይ ጨረር ነው። አየር ይህን ጨረር በከፊል ያስቀረዋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከእኛ በላይ ያለው አየር እየሳሳ ስለሚሄድ ጨረሩ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰማዩ እኩል ከጠራ ጣርማ በር ላይ ጋቢ ለብሰን እየተንቀጠቀጥን የሚያገኘን ጨረር ሸዋ ሮቢት ካለው ይበልጣል ማለት ነው! ብርዱ ስለሚያታልለን ነው የማይታወቀን።

ለቆዳችን መልክ የሚሰጠው ሜላኒን የሚባል ነገር ነው። ሜላኒን ጨረሩን ይቀንስልናል፤ ቢሆንም ጥቁር ቆዳም ፀሐይ ላይ ብዙ ከቆየ ይቃጠላል። አልቢኒዝም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ሰውነታቸው ሜላኒን የሚሠራው በጣም ጥቂት ነው፤ ወይም ጭራሽ አይሠራም። ይሄ ከእናትና ከአባት የሚወረስ ነው። አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ነገር ግን ቆዳቸው ቶሎ ይቃጠላል፤ ካልተጠነቀቁም ከዓመታት በኋላ የቆዳ ካንሰር ሊያመጣባቸው ይችላል።

በክፍላችን አልቢኒዝም ያለባት ልጅ አለች። ባለፈው ጉዞ “ለአንቺው ብለን ነው፣ ፀሐዩ ይጎዳሻል” ተብላ ቀርታለች። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። እሷ ያለችው “ፀሐይ እኮ ትምህርት ቤትም አለች” ነው። እውነቷን ነው! ከላይ እንዳየነው በከፍታ ከሆነ የእኛው ከተማ ጨረር ይብሳል። ልዩነት የሚያመጣው ምን ያህል ሰዓት ፀሐይ ላይ እንቆማለን የሚለው ነው። እሱ ደግሞ በእጃችን ነው። ስለዚህ እንዲህ ብናደርግስ፦

1. ጨረሩ የሚበረታው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ስለሆነ በማለዳ እንነሣ። ምሳውና ገለጻው ዛፍ ጥላ ሥር ይሁን።

2. መንገዱ አብዛኛው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ጠዋት ስንሄድ ፀሐይ በቀኝ ትሆናለች፤ ከሰዓት ስንመለስም በቀኝ ናት። ከሹፌሩ ጀርባ ያለው የግራ ረድፍ ጥላ ስለሆነ ለእሷ ይተውላት። የመኪና መስታወት ጨረሩን ሁሉ አያስቀርም።

3. ክፈፉ ሰፊ የሆነ ባርኔጣና እጅጌው ረጅም ልብስ ለሁላችንም ይጠቅማል። መምህሮቻችን፣ ዩኒፎርም ላይ ኮፍያ እንደማይፈቀድ እናውቃለን፤ ለዚያን ቀን ግን ይፈቀድልን።

4. የፀሐይ መከላከያ ክሬም ያለው ሰው ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ከመውጣቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይቀባ። በየ2 ሰዓቱም ይድገም። ክሬሙ ውድ ነው። ከመዋጮው ላይ ለእሷ አንድ ቢገዛ ጥሩ ነው እላለሁ። ቫዝሊን ግን ለድርቀት እንጂ ለፀሐይ አይሆንም፣ እንዳትሸወዱ።

5. ሸዋ ሮቢት ወባ አለ። ትንኟ የምትናከሰው ከመሸ ወዲህ ስለሆነ ሳይጨልም እንመለስ።

ስም የሚመዘገበው በሳምንቱ መጨረሻ ነው። የሁላችንም ስም ወረቀቱ ላይ እንዲኖር እመኛለሁ። መልካም ጉዞ!

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል